ሁለት ብርጭቆ ወተት

«ወተት የጠጣ ቀለም ቀቢ በቀለም አይታመምም» ይላል ጋሽ ዘርጋው በየማለዳው። ማን እንደነገረው ሲጠየቅ መልሱ «ይሄማ ማን የማያውቀው ነው!» ነው። ይህንኑ ተማምኖ የአሮጌውን ቤት የጓሮ ግድግዳ በደረቁ ይፍቃል፤ ልጣጩ ሣሩ ላይ ይረግፋል።

አብራው የምትሠራው ቀቢ የአምስት ወር እርጉዝ ናት። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባል መርዝ እንዳለበት አንብባለች። ስለዚህ የፊት ለፊቱን ግድግዳ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፋ፣ ውኃ እየረጨች ነው የምትፍቀው።

«ግድግዳውን ጠበል ታጠምቂዋለሽ እንዴ?» ይላታል።

«ጋሼ፣ አንተ ሳንባህን ቀባው፤ እኔ የልጄን አላስቀባም።»

ወተቱን ግን አትተውም፤ ለመርዙ ሳይሆን ለፅንሱ ብላ። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለች ለእሱ አንድ ብርጭቆ፣ ለእሷ ሁለት ይቀዳሉ።

በአሥረኛው ቀን ሥራው አለቀ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨልጣ፣ «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ወተት ከየት ነው የሚገዙት?» አለቻቸው።

«ምን በወጣኝ እገዛለሁ ልጄ! የገዛ ላሜ ናት። ማታ ማታ ዘርጋው ሥራ ሲያቆም ጓሮ እለቃታለሁ፤ ከግድግዳው ሥር ያለውን ሣር አንድ ሳታስቀር ነው የምትግጠው።»