ቀይ ድንኳኖች

አሰጋሽ ዘንቢሉን ከየሺመቤት እጅ መንጭቃ አደም ፊት ወረወረችው። «ይኸው፣ ያንተ ዓይን ይፍረድ» አለችው። «የማንን ሥራ ነው የሰረቀችው?»

ነጋዴው አደም ከሎሪው ጎማ ጥላ ሳይነሳ የአሰጋሽንም ተቀብሎ ሁለቱን ዘንቢሎች ጭኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱም ከተተረተረ የእርዳታ ጆንያ የተጎነጎኑ ናቸው። የአሰጋሽ ዘንቢል ፊቱ ላይ በቀይ ክር የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ቅርጾች አሉት። በየሺመቤት ዘንቢል ላይ ደግሞ እነዚያው ቅርጾች ተደርድረው አፉን ዙሪያውን ከበውታል።

«ስሙኝ» አለ አደም። «የሾዋክ ከተማ ሴቶች ባለቀዩን አምጣ ነው የሚሉኝ፤ ማንጠልጠያው አይበጠስማ። ባለፈው ሳምንት የወሰድኩት ግን መሀል ገበያ ተበጥሶ የአንዷን ሽንኩርት በተነው። ማን ላይ ጮኸች? አደም ላይ። ይሄ ምልክት የማን እንደሆነ ዛሬ ይለይ። ከዛሬ ወዲያ ከሷ ብቻ ነው የምገዛው። ኻላስ፣ አለቀ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አላጡትም። ምልክቱ የሷ ያልተባለላት ነገ ማለዳ ከማሽላ አጫጆቹ ጋር መኪና ላይ ትወጣለች።

«ቀይ ክር ያባትሽ ርስት ነው እንዴ?» አለች የሺመቤት። ትንሿ ልጇ ጡቷ ላይ ተለጥፋለች፤ ሁለቱ ቀሚሷን ይዘዋል። «ጆንያው የእርዳታ፣ ክሩም የእርዳታ። እጁ ግን የኔ ነው።»

አሰጋሽ ልጆቹን ላለማየት ፊቷን አዞረች። ሦስት ናቸው። በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ረሃብ ሦስት ልጅ ይዛ ወጥታ ሦስቱንም ይዛ የሱዳንን ድንበር የተሻገረች ሴት፣ ምን ጎድሏት ነው የሰው የምትመኝ?

ክረምቱ ሳይገባ የስደተኞቹ ሰፈር ሴቶች አንዱን ጆንያ ለሁለት ሆነው እያወጉ ይተረትሩት ነበር። ያኔ አሰጋሽ በቀን አንድ ዘንቢል ትጨርስ ነበር። የየሺመቤትን ዘንቢል ሎሪው ላይ ካየች ወዲህ ግን እጇን ማንም እንዳያይባት ወደ ድንኳኑ ሸራ ዞራ ብቻዋን ነው የምትሠራው። በዚህ ሳምንት የወጣላት ሁለት ብቻ ነው። ሌሎቹም ከሷ አይተው ጀርባ ተሰጣጥተው መሥራት ጀምረዋል።

«ምልክት አይደለም» አለች። «ጽሑፍ ነው።»

«የምን ጽሑፍ?»

«ፊደል። እዚሁ ሰፈር ከሚያስተምሩት ከመምህር አስናቀው የተማርኩት። ይሄ ‹ሉ› ነው። ይሄም ‹ሉ› ነው። ሉሉ ይላል።» ድምፅዋ እንዳይሰበር ፈጠን አለች። «የልጄ ስም ነው። ድንበሩ ጋ፣ ሐምዳይት ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀበርኳት።»

ይህን ስም በሰፈሩ ውስጥ ለማንም ነግራ አታውቅም። አሁን ያወጣችው ለመርታት ብላ ነው፤ ስታወጣውም ታውቋታል።

የሺመቤት አንዴ ዘንቢሉን፣ አንዴ አሰጋሽን አየች። «እኔ እኮ ድንኳን መስሎኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ድንኳን፤ ከጎኑ የወጣችዋ ደግሞ የካስማው ገመድ። ሰፈራችንን አስመስዬ የደረደርኩት።»

አደም ሊስቅ አለና ተወው። «አላህ ይርሐማ፣ ነፍሷን ይማር» አለ። «አሰጋሽ፣ ያንቺ ነው። አንቺ የሺመቤት፣ ቀዩን ፍቺው። ባዶውን ለዛሬ ብቻ እወስድልሻለሁ።»

አሰጋሽ ደስ አላት። ደስታው፣ ውኃ ለተጠማ ሰው እንደሚወርድ፣ ጉሮሮዋን ሲወርድ ተሰማት።

የሺመቤት ሕፃኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። የክሩን ጫፍ በጥርሷ ያዘችና ሳበችው። የመጀመሪያው ሉ አንድ እግሩ ተነቀለ፤ ወዲያው ሌላው ተከተለ። ቦታው ባዶ ቀረ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አሰጋሽ የቀሩትን አየቻቸው። ሉሉሉሉሉሉ እያሉ አፉን ዞረውታል፤ አንድ ሰው ልጁን ሳያርፍ የሚጣራ ይመስላል። የሺመቤት ከአንድ ጫፍ ይዛ ዝም እያሰኘችው ትሄዳለች።

«ስጪኝ» አለች አሰጋሽ።

«እየፈታሁት እኮ ነው፣ እትዬ።»

«አንቺ አትፈቺውም። የኔ ነው፤ ከተፈታም እኔ ነኝ የምፈታው።»

ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። አደም ሎሪው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳና፣ «ያላ፣ ፈጠን በይ» አላት። የሺመቤት ሕፃኗን ታቅፋ አጠገቧ ቆማለች።

አሰጋሽ ጥፍሯን ሦስተኛው ሉ ሥር አስገባች። ክሩን አገኘችው። አልሳበችውም።