ከውስጥ ብቻ የሚታይ

በመኪና የምትጎተት ትንሽ የሽርሽር ቤት ብቻውን ሠርቶ ሸራ አለበሳት። የቀረው ስፌቶቹን በጨርቅና በቀለም መድፈን ነው። መርፌ የበሳው ቀዳዳ ግን የሚታየው ከውስጥ፣ የሚደፈነው ከውጭ ስለሆነ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ደጁን የረገጠ የለም። ሲያመነታ ሰንብቶ ጎረቤቱን እትዬ ጠጂቱን ጠራ።

እሳቸው ከውስጥ ሆነው «እዚህ ጋ ብርሃን አለ!» እያሉ ሸራውን በጣታቸው ይገፋሉ፤ እሱ ከውጭ ይቀባል።

«እስከ ገበያ መሄድ የሚታክትህ ሰው፣ ይቺን ይዘህ የት ልትደርስ ነው?»

ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው!

«በል እንግዲህ፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ሆኗል። አንድም አልቀረም፤ ልሂድ» አሉ።

አማተበና ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ የደረቀውን ሸራ ቀስ ብሎ ወጋው።

«ቆይ ቆይ» አሉ ከውስጥ፣ «አንድ ረስተናል!»