የማዳም ጎረምሳ

በስደት አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ያለችው ስፓዛው፣ ትንሿ የሰፈር ሱቁ፣ በኮሮናው ሎክዳውን ስትዘጋ፣ ፀጋዬ ከሚስቱ ከፊቤ ጋር የሰው ቤት ጠባቂ ሆነ። የቤቱ ባለቤት፣ እሱ «ማዳም» የሚላቸው እንግሊዛዊት አሮጊት፣ ለአንድ ሳምንት ብለው ለንደን ሄደው በረራ ሲቆም እዚያው ቀርተዋል። አደራቸው አንድ ነገር ነበር፤ አትክልቱ መሃል ድንጋይ ላይ የሚቆመው፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ የሰው ቁመት ያለው የነሐስ ጎረምሳ። ወገቡ ላይ ካለችው ብጣሽ ጨርቅ በቀር ራቁቱን ነው።

«ጎረምሳዬን አንድ ነገር ቢነካው፣ ጓዝህን ጠቅልለህ ትወጣለህ!» ብለውታል በስልክ።

በዚያ ሰሞን የብረት ሌባ የጎረቤቱን የውሃ ቧንቧ ሳይቀር ነቅሎ ወስዷል። ፀጋዬ እንቅልፍ አልነበረውም።

የአገሩ ብርድ በሚጠናበት በሰኔ ማዳም ሊሸጡት ቆረጡ። አንድ የሐውልት አዋቂ ከለንደን ሆኖ በቪዲዮ ሊመረምረው ቀጠሮ ተያዘ። ፀጋዬ ይህን ሲሰማ ምግብ አስጠላው።

የቀጠሮው ዕለት ፊቤ ከወጥ ቤት አልወጣም አለች።

«ራቁቱን የቆመ ወንድ ፊት ምን አቆመኝ? በኢየሱስ ስም!»

አዋቂው ስልኩ ላይ ብቅ አለ። ምስሉ ይቆራረጣል።

«ስጋቴን ልንገርዎ፣ አቶ ፀጋዬ። በዚያ ዘመን ከአንድ ሥራ ብዙ ይቀዳ ነበር። በኋላ የመጣ ተራ ቅጂ እንዳይሆን ነው የምፈራው።»

ፀጋዬ ስልኩን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አቋቋሙን አዩት? ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ጥሎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ። ይህ ከጥንት የፍሎረንስ ቀራፂዎች የተወሰደ ነው። ሥጋው ግን የፈረንሳዮች ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት እኛ እንግሊዞች ሰው ስንቀርጽ ታጥቦ ያለቀ ሳሙና ነበር የምናስመስለው።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

«እስቲ በጣትዎ ኳ ኳ ያድርጉት። ድምፁን ልስማ።»

ፀጋዬ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ኮሮና ነው፣ ጌታዬ። ርቀት ጠብቁ ተብለናል።»

«ነሐስ ኮሮና ይይዘዋል?»

«እኔ እንጃ። መንግሥት ነሐስን ለይቶ አልተናገረም።»

ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰ። «በሉ ስልኩን ወደ ደረቱ ያስጠጉልኝ።»

አስጠጋለት። አዋቂው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። ፀጋዬ በልቡ ጓዙን መጠቅለል ጀመረ።

«የደም ሥሩን ይዩልኝ!» አለ አዋቂው በመጨረሻ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ቆዳው እኮ ብርድ የወረረው ይመስላል! ቅጂ? የምን ቅጂ! ቀራፂው ራሱ በሰም አበጅቶ፣ ሰሙን አቅልጦ በነሐስ የተካው ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሕይወት ያለው አላየሁም። እውነተኛ ነው ብዬ ዛሬውኑ ለማዳም እጽፋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፀጋዬ ሣሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ሄደ?» አለ ጎረምሳው ከድንጋዩ ላይ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ የተቀባው የነሐስ ቀለም ከጉንጩ እየተላጠ። «በል ሹራቤን አቀብለኝ። ዋናውን የሰረቀው ሌባ ይሄኔ ሞቆት ተኝቷል።»