ቀይ የጥፍር ቀለም

አሱ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ጎማ በጣቱ እያሽከረከረ ሳለ ብሎኑ ላይ ቀይ ነገር ውልብ አለበት። ጎማውን አቆመ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በርከክ ብሎ አየው። ቀይ መስመር ነው፤ ቀጭን፣ በጥንቃቄ የተሰመረ።

የእሱ መስመር ነጭ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጭ ነው። ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ከብሎኑ ራስ ጀምሮ እስከ አቃፊው ብረት ድረስ በነጭ የጥፍር ቀለም አንዲት መስመር ያሰምራል፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሯ ለሁለት ትከፈላለች፣ መላላቱም በዓይን ይታወቃል። በሳግሮ ተራራ ፈረንጆችን በሞተር ሳይክል እየመራ በሚያዞርበት ዘመን በዚህ ያልሳቀበት ሰው አልነበረም። ከሳቁት መካከል የሞተሩ ዕቃ በየጥርጊያ መንገዱ ረግፎበት በእግሩ የተመለሰ ሞልቷል።

"ቱዳ" ብሎ ተጣራ። "ማነው ይሄን ቀይ የቀባው?"

ሚስቱ ከግቢው ማዶ ቁጭ ብላ ለውዝ ትወቅጣለች። ሴት ልጃቸው ኢጃ ከታዛዘርት የተራራ በር ወዲያ ማዶ ምጧን እየጠበቀች ነው፤ ነገ ጠዋት አሱ ቱዳን ከኋላው አፈናጦ ተራራውን ይሻገራል። ለአራሷ የሚወሰደው ሰሎ፣ ከተቆላ ዱቄት፣ ከለውዝና ከማር የሚሠራው፣ ዛሬውኑ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። እሱም ሁለት ሰውና ጓዝ ይችላል ብሎ ጠዋት ንዝረት የሚያበርደውን የኋላውን አሮጌ ሞላ አውልቆ ጠንከር ያለ አስገብቷል።

"ምኑን?" አለች ቱዳ ቀና ሳትል።

"ብሎኑን ነዋ።"

"እኔ እንደምታየኝ ለውዝ ላይ ነኝ።"

አሱ ዙሪያውን ፈተሸ። ሌላ ቀይ አገኘ፤ ከሰንሰለቱ አጠገብ። ሌላም፣ ከመሪው ሥር። ዘጠኝ ሆኑ። ራሱ ቀብቶ ረስቶት ይሆን? ነጩን ጠርሙስ አንስቶ አየው፤ ገና ግማሽ ነው። ቀይ ቀለም ደግሞ ኖሮት አያውቅም።

"ጎረቤታችን ባሱ ነው" አለ። "ባለፈው ጎማ መንፊያ ሊዋስ መጥቶ አልነበር?"

"ባሱ የገዛ ጫማውን ክር በወጉ አያጠብቅም። ጂኒ ነው በልና ዕረፍ።"

"ጂኒ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አያሰምርም።"

ቱዳ መውቀጧን ቀጠለች።

አሱን ይበልጥ ግራ ያጋባው ግን ነጩ መስመር ነበር። ቀይ ባለበት ብሎን ሁሉ ላይ ነጩ ተከፍሏል። ብሎን ሲላላ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ እነዚህ ግን ወደ ቀኝ ዞረዋል፣ ወደሚጠብቅበት። አንድ ሰው የብሎን ቁልፍ ይዞ ጨምሮ አጥብቋቸው ከዚያ በቀይ አስምሯል ማለት ነው። የጠበቀ ብሎን ደግሞ እንዴት ሆኖ ይጠብቃል? እያንዳንዱን በእጁ ያጠበቀው እሱ ነው። ቁልፉን ማንሳቱን ያስታውሳል። ብሩሹን መያዙን ያስታውሳል። በመካከሉ ያለውን፣ ብሎኑ አልዞርም ብሎ ክንዱን የሚያስጨንቅበትን ቅጽበት ግን ፈልጎ አጣው።

ቀይ ካለበት አንዱን በእጁ ሞከረ። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እጁን ወደ አዲሱ ሞላ ሰደደ። ሠርቶ የጨረሰው ከሰዓት በፊት ነው፤ በታችኛው ብሎን ላይ ነጩ መስመር ያበራል፣ እንከን የለውም። በሁለት ጣቱ ይዞ ገፋ አደረገው።

ዞረ።

አሱ በዚህ ተራራ ስንት ገደል አፋፍ ላይ በአንድ ጎማ ቆሞ ያውቃል። እንዲህ ፈርቶ ግን አያውቅም። ነገ ከኋላው የምትፈናጠጠው ቱዳ ናት።

የሙቀጫው ድምፅ ቆሟል። ቀና ሲል ቱዳ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አጠገቡ ቆማለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"ከቴምር ቆረጣው ወዲህ።"

"አንቺ ነሻ።"

"ቀትር ላይ ስትተኛ። ቀለሙ የኢጃ ነው፤ ከሠርጓ የተረፈ።"

"ብሎን ማጥበቅ ማን አስተማረሽ?"

"ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ሳቀብልህ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንዴ?"

አሱ የጥፍር ቀለሙን ብሩሽ በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው። "መናገር አልነበረብሽም?"

"ማስታወሱ አንድ ቀን ይመለስልሃል ብዬ ነዋ። እያየሁ ቆየሁ። አልተመለሰም።"

"እና ነገ እንዴት ብዬ ነው የምጭንሽ?"

"መንገዱ ጠፍቶህ ያውቃል?"

አሰበ። ከደጃቸው ተነስቶ እስከ ኢጃ በር ድረስ እያንዳንዱን መታጠፊያ በልቡ ሄደበት። አንዱም አልጎደለም። "አያውቅም" አለ።

"እንግዲያው መንዳቱ ያንተ፣ ብሎኑ የኔ። መንገዱ የጠፋህ ዕለት ደግሞ ከኋላህ ነኝ፣ ጀርባህን በጡጫ ነው የምልህ።"

ሊስቅ ፈለገ፤ አልመጣለትም። ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላት።

ቱዳ ቀሚሷን ሰብስባ በአዲሱ ሞላ ፊት ተንበረከከች። ከመቀነቷ ትንሿን ቀይ ጠርሙስ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ዓይኗን ከብሎኑ ሳታነሳ መዳፏን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ እሱ ሠላሳ ዓመት ሲዘረጋላት እንደኖረው።

"አስራ ሰባት ቁጥር" አለች።

አሱ የዕቃ ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ። ቁልፎቹ በየተራቸው ተደርድረዋል፤ የደረደራቸው ራሱ ነው። አንዱን አነሳ። ቁጥሩን አነበበ። ገልብጦ እንደገና አነበበው።

የቱዳ እጅ እንደተዘረጋ ይጠብቃል።