በፊተኛው ረድፍ የሚያንኮራፋው ሰውዬ

«እሜቴ ግጥም» ያላቸው ሰፈሩ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በሕንፃው አዳራሽ ግጥም በነጻ ያስነብባሉ። ሕዝቡ እስካሁን ሐውልት አለማቆሙ የሚያስገርም ነው።

የሕንፃው ኃላፊ ደግሞ የሰጣቸው ማስጠንቀቂያ ነው። «እትዬ፣ ወንበሩ ባዶውን ከዋለ አዳራሹን ለጂም ነው የማከራየው። ኋላ እንዳይቀየሙኝ።»

በቅርቡ ግን ወንበር መትረፉ ቀረ። ሕዝብ ደግሞ እንዲህ ነው! አሮጊቷ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ጎረምሳው፣ ሁሉም ኮቴውን ሳያሰማ ገብቶ ይቀመጣል። አያጨበጭብም፤ ጥልቅ ስሜት አያስጨበጭብም። አንድ ገጣሚ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ አዳራሹ በሙሉ «እሽሽሽ!» ብሎ አስደነገጠው።

ከገጣሚዎቹ ሁሉ የሚወደደው ጠበቃው ነው። ስለ ዝናብ የጻፈው ግጥም ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

«ዛሬም እሱ ያነባል አይደል?» ይላሉ አሮጊቷ በር ላይ። «አፉ ሲለሰልስ፣ ይባረክ!»

ይህን ሁሉ ክብር የሚያጎድፍ አንድ ሰውዬ አለ። ፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ይጎለታል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንገቱ ይዘማል፤ አራተኛው ላይ እንደ ወፍጮ ያንኮራፋል። መምጣት የጀመረው ሕዝቡ መጉረፍ በጀመረበት ሳምንት ነው። ቅናት መቼም ጊዜ አያባክንም።

«የማዶዎቹ ናቸው የላኩት!» አሉ እሜቴ ግጥም ለጠበቃው። ማዶ ግጥም የሚነበበው በትኬት ነው። «የእኛ መሙላት አንገብግቧቸው!»

«ደክሞት ቢሆንስ፣ እትዬ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠበቀ ነው የሚደክመው? ወግድ! ፊትህ ላይ እያንኮራፋብህ ጥብቅና ትቆምለታለህ!»



ዛሬ በጠበቃው ግጥም ገና ደመናው ሳይጠቁር ወፍጮው ተነሣ። እሜቴ ግጥም ደማቸው ፈላና ብድግ አሉ። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ያዙ።

«ተዪው እህቴ፣ በምትወጂው!» አሉ በሹክሹክታ።

እንዲህ ያለ ጨዋ አድማጭ በዚህ ባለጌ ምክንያት ሊሸሽና አዳራሹም ለጂም ሊሆን ነው! እሜቴ ግጥም ቀሚሳቸውን መንጭቀው ሄዱና የሰውዬውን ትከሻ ጨምድደው ናጡት።

«ተነሥ፣ አንተ ቅጥረኛ! እንቅልፍህን ቤትህ ሄደህ ተኛ!»

ሰውዬው በርግጎ ተነሣ። ዐይኑ ደም መስሏል። «ይቅርታ እትዬ፣ ይቅርታ» እያለ ኮቱን ሰብስቦ እየተንገዳገደ ወጣ።

እሜቴ ግጥም ወደ ሕዝባቸው ዞሩ። ዛሬስ ጭብጨባ አይቀርም ብለው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። «ይኸው ተገላገልን! ቀጥል እንጂ ጠበቃው!»

አሮጊቷ ብድግ አሉ። «ስንት ሐኪም ያላስተኛውን ልጄን!» ብለው እየጮኹ ወደ በሩ ሄዱ፤ «ባሌን!» አለች ነፍሰ ጡሯ፤ «አጎቴን!» አለ ጎረምሳው፤ ከፊት እስከ ኋላ ያለው ረድፍ ሁሉ «ወንድሜን!»፣ «አማቼን!» እያለ ወንበሩን ገፍቶ ተከትሏቸው ወጣ።