የአንድ ሰዓት መንገድ

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ፣ በመኪና ቀኑን ሙሉ የሚያንገላታው መንገድ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጨዋታ ለሚወዱት ሽማግሌ ግን አነሰቻቸው።

አጠገባቸው ለተቀመጡት ባለ ነጭ ባርኔጣ ሰውዬ፣ «ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልለምንለት ነው የምሄደው። በእኔና በእርስዎ መሃል ይቅርና፣ ማታ ማታ ከመጠጥ ቤት ተሸክመን ነው የምናስገባው!» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። ስም ሳይጠያየቁ አውሮፕላኑ አረፈ።

ከሰዓት በኋላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ልጅቷ ቤት ገብተው፣ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ለዘመዶቿም፣ «ልጃችን መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም» ማለት ጀመሩ።

አባትየው ነጭ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ይቀመጡ» አሏቸው፤ «ጉዳዩን ከደመና በላይ ሰምቼዋለሁ።»