ንግሥቲቱ ካላዘዘችኝ

እህል በያሙናባይ አፍ ካልዞረ ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው። የበኩር ልጇ አስከሬን በእሳት ከተሸኘ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

ሴት ልጇ ኢንዱማቲ ሩዙን ከምስር ጋር አላልታ ቀቅላ አፏ ድረስ ብትወስድላትም እምቢ አለች። ሐኪሙም፣ «ለዚህ መድኃኒት የለኝም፤ ካልበላች ከነገ አታልፍም» ብሎ ሄደ።

«እማዬ፣ በሞቴ! አንድ ጉርሻ ብቻ!»

«ንግሥቲቱ ካላዘዘችኝ አልበላም» አለች አሮጊቷ።

ኢንዱማቲ ማንን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ያሙናባይ ዓይነ ስውር ናት። ሟቹ ልጇ እጇን እየያዘ ሲኒማ ቤት ይወስዳት ነበር። የንግሥት ሂራዴቪን ፊልም ሰባት ጊዜ በጆሮዋ አይታዋለች። ምሽጓ ውስጥ የተከበበችው ንግሥት ተስፋ የቆረጡ ወታደሮቿን፣ «ብሉ! የሞተ ሰው አገር አይጠብቅም!» ስትል፣ አሮጊቷ ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር።

ንግሥቲቱን ሆና የሠራችው ተዋናይ ፓድማጃ የምትኖረው እዚያው እነሱ ባሉበት ቦምቤይ ከተማ ነው። ኢንዱማቲ እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ወደ ፊልም ስቱዲዮው በር ሮጠች።

ዘበኛው ሳቀባት። «ፓድማጃን ነው የምታናግሪው? ምስኪን! ቋንቋው ሌላ ከሆነው ከደቡብ አገር ከመጣች አሥር ዓመቷ ነው። እኔን እንኳ ሰላም የምትለኝ በጭንቅላቷ ነው። ቃሏ ወርቅ ነው መሰለኝ!»

«እናቴ እየሞተችብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ እናቱ እየሞተችበት ነው።»

ቀትር ላይ የፓድማጃ መኪና ብቅ ስትል ኢንዱማቲ መንገዱ ላይ ተዘረረች። ሾፌሩ እየተሳደበ ወረደ። ፓድማጃ ኋላ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ጃንጥላ የታቀፈች ቀጭን ሴት አለች። ኢንዱማቲ ተነስታ መስኮቱን ያዘችና የእናቷን ስም፣ የወንድሟን ሞት፣ አሮጊቷ የምትጠብቀውን ትእዛዝ እያለቀሰች ነገረቻቸው።

ፓድማጃ ቀጭኗን ሴት አየት አደረገቻት። ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተች።

እነኢንዱማቲ የሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃው በሰው ተጨናነቀ።

«ውይ፣ ለካ አጭር ናት!»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!»

ፓድማጃ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። ቀጭኗ ሴት በግፊያው መሃል ውጭ ቀረች።

ፓድማጃ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

«ንግሥቲቱ ነሽ?» አለች ያሙናባይ። ከስምንት ቀን በኋላ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

ፓድማጃ እጇን ደባበሰችላት።

«እትዬ፣ ተናገሪያት እንጂ!» አለች ኢንዱማቲ።

ፓድማጃ ዞራ ወደ በሩ ተመለከተች።

«ካሜራ ካልተደቀነላት አትናገርም እንዴ?» አለ አንድ ጎረቤት ከኋላ።

ያሙናባይ እጇን መነጨቀች። «ኢንዱ፣ ማንን ነው ያመጣሽብኝ? በመሞቻዬ ታታልይኛለሽ?» አለችና እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ኢንዱማቲ ፓድማጃ ላይ ጮኸች። «አንድ ቃል ነው! አንድ ቃል ብትተነፍሺ ምን ይጎድልብሻል? እናቴን በትዕቢትሽ ልትገድያት ነው እኮ!»

የፓድማጃ ዓይኖች እንባ ሞሉ። ብድግ ብላ ሰውን እየገፋች ወደ በሩ ሄደች።

«ሄደች! ድሮስ!» አሉ ጎረቤቶች። ኢንዱማቲ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ፓድማጃ ግን ቀጭኗን ሴት በክንዷ ጎትታ አስገባችና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት።

ሴትዮዋ ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጎንበስ አለች፤ ወዲያው ፊልሙ ላይ የሚሰማው የንግሥት ሂራዴቪ ድምፅ ከአፏ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው፦ «ያሙና፣ ብይ!»